ጋሼ ራጉኤል ከደብዳቤው ያስቀሩት

ተረፈች አውስትራሊያ፣ ሜልበርን ውስጥ ዌስት ፉትስክሬይ የሚባል ሰፈር ከገባች አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። ጠዋት ጠዋት ሰንሻይን ሰፈር ባለ የአትክልት መጋዘን ካሮትና ሰላጣ ታሽጋለች፤ ከሺፍት ስትወጣ ወደ ሰፈሩ ቤተ መጻሕፍት ጎራ ትላለች። እንግሊዝኛ ያስተማራት ሰው የለም። መጀመሪያ የልጆቹን መደርደሪያ፣ ቀጥላ የትልልቆቹን እያነበበች፣ ያልገባትን ቃል ደብተር ላይ እየጻፈች፣ በእግዚአብሔር ቸርነት እዚህ ደርሳለች። ለልጇ የሚሆነውን ኮሌጅም ያገኘችው እዚያው፣ በሩ አጠገብ ከተደረደሩት ወረቀቶች መካከል ነው።

ልጇ ኤደን አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ልትጨርስ ጥቂት ወራት ቀርተዋታል። መሐል ከተማ ያሉትን ትልልቅ ዩኒቨርሲቲዎች ዞራ አይታ፣ «እማ፣ ሁሉም ፎቅና ሊፍት ነው» ብላ ተመልሳለች። ወረቀቱ ላይ ያለው ኮሌጅ ከሜልበርን በመኪና አራት ሰዓት ይርቃል። ተማሪው መቶ ስድሳ ብቻ ነው። ትምህርቱ ግማሹ ክፍል ውስጥ፣ ግማሹ ጫካ ውስጥ ነው፤ ሰው እየመሩ ተራራ መውጣት፣ ወንዝ መሻገር፣ ድንኳን ተክሎ ማደር። ክፍያው ከእናትና ልጅ አቅም በላይ ነው። ከታች ግን በየዓመቱ ለአራት ተማሪዎች በችሎታቸው ብቻ የሚሰጥ ስኮላርሺፕ እንዳለ ተጽፏል። እሱ ከተገኘ ኤደን ትሄዳለች፤ ካልተገኘ አትሄድም።

ይህን የሰማችው ብርኽቲ፣ ኬንያ ከነበሩበት የስደተኞች ካምፕ ጀምሮ ጓደኛዋ የሆነች፣ አሁን ደግሞ አብራት ካሮት የምታሽግ፣ ሳቀችባት።

«እኔና አንቺ ከድንኳን ለመውጣት ሰባት ዓመት ፈጀብን። ያንቺ ልጅ ተወዳድራ ልትገባበት ነው?»

«የሷ ድንኳን ዚፕ አለው» አለች ተረፈች፣ እጇን ከሥራው ሳታነሣ።

የኤደን ውጤት ጥሩ ነው። ማመልከቻውንም ጽፋ ጨርሳለች። የቀረው ዘመድ ያልሆነ ሰው የሚሰጠው የምስክርነት ደብዳቤ ነበር። ኮሌጁ ምስክሩን የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ አመልካቿ ሰው ሲጨነቅ መርታ ታውቃለች ወይ? እናትና ልጅ ጋሼ ራጉኤልን መረጡ። ጋሼ ራጉኤል ጡረታ እስኪወጡ ትራም ሲነዱ የኖሩ፣ የሰንበት ትምህርት ቤቱ ኃላፊ ናቸው፤ ኤደንን ከስድስት ዓመቷ ጀምሮ አስተምረዋታል። የመጨረሻው ቀን ረቡዕ ነበር። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ደብዳቤውን ለተረፈች ሰጧት።

«ስፔሊንጉን እይልኝ» አሏት።

ስፔሊንጉ እንከን አልነበረበትም። ተረፈች ባቡር ውስጥ ሁለት ጊዜ አነበበችው። «አንገቷን የደፋች፣ በታላላቆቿ ፊት የማትናገር፣ የታዘዘችውን የምትፈጽም ልጅ ናት» ይላል። በአማርኛ ቢሆን ማንም እናት የምትኮራበት ቃል ነው። በእንግሊዝኛው ግን ልጅቷ አንገቷን የታመመች፣ ሰው የምትፈራ መሰለች። ተራራ ላይ ሰው እንድትመራ ማን ያምናታል? ማሴዶን ተራራ የወጡበትን ቀን ፈለገች፤ አንድም መስመር የለም።

ያን ቀን የሰንበት ትምህርት ቤቱ ልጆች ተራራው ላይ ሳሉ ጉም ወርዶባቸው ነበር። ጋሼ ራጉኤል «በግራ እንውረድ» ሲሉ፣ ካርታ የያዘችው ኤደን፣ «ጋሼ፣ ይቀመጡ። ማንም እንዳይንቀሳቀስ» ብላ ሃያ ሦስቱንም ሰው ቆጥራ፣ በቀኝ በኩል አውርዳ አውቶቡሱ ጋ አድርሳቸዋለች። ጋሼ ራጉኤል ከዚያ በኋላ ለሁለት ሳምንት ሰላምታዋን በግማሽ ነበር የሚቀበሉት።

ሰኞ ከሥራ ስትወጣ ተረፈች ወደ ጋሼ ራጉኤል ሰፈር፣ ሆፐርስ ክሮሲንግ ሄደች። ጋሼ ራጉኤል ጓሯቸውን ሲያርሙ አገኘቻቸው።

«ስህተት አገኘሽ?»

«አላገኘሁም፣ ጋሼ። ግን... የሚጠይቁትን አልመለሰም።»

«እኔ ምስክር ነኝ። ሐሰት ጨምርልኝ ነው የምትይኝ?»

«አይጨምሩ። ያስቀሩትን ነው የምለምንዎ።»

«ምን አስቀረሁ?»

«ማሴዶንን።»

እጃቸው ላይ ያለውን አረም ጥለው ቀና አሉ።

«ያዘዘችኝን? እኔኮ ለሷ ብዬ ነው የደበቅሁት። የልጅ ስህተት ነው፣ ይለፍ ብዬ።»

«አውቃለሁ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እነሱ ግን የሚፈልጉት እሱን ነው።»

«ሽማግሌ የምታዝ ልጅ ነው የሚፈልጉት?»

«ጉም ውስጥ ከሆነ፣ አዎ።»

ጋሼ ራጉኤል ገብተው እጃቸውን ታጠቡ። ተረፈች በረንዳው ላይ ቆማ በልቧ ጸለየች። እንዲሸነፉላት አይደለም፤ እንዳያዝኑባት። ከአንድ ሰዓት በኋላ አዲስ ወረቀት ይዘው ወጡ። የተጻፈው አጭር ነበር። «ይቀመጡ አለችኝ፤ ተቀመጥሁ። እኔ ያልኩት መንገድ ገደል እንደነበረው በኋላ ሰማሁ። ሁላችንንም ቆጥራ አወረደችን። ትክክል ነበረች።» ከሥሩ ግን «አንገቷን የደፋች ናት» የሚለው እንዳለ ነበር።

«እሱን አልሰርዝም» አሉ። «እሱም እውነት ነው።»

ተረፈች አልተከራከረችም። ደብዳቤው ማክሰኞ ተላከ።

ከአምስት ሳምንት በኋላ ኤደን ከትምህርት ቤት ስትመለስ ስልኳን ከፍታ የመጣውን መልስ ለእናቷ ሰጠች። ኮሌጁ የመጀመሪያውን ዓመት የትምህርትና የመኖሪያ ወጪ ሙሉ በሙሉ ይችላል፤ የቀሪዎቹ ዓመታት በውጤቷ ይወሰናል። ተረፈች አማተበች፤ አንድ ጊዜ ደግማ አነበበችና ወደ ሆፐርስ ክሮሲንግ ደወለች።

ጋሼ ራጉኤል ሰምተው ጠየቁ።

«በረዶ ይጥላል አይደል እዚያ?»

«ክረምት ክረምት ይጥላል አሉ።»

«ጃኬት አላት?»

«አላት።»

«ውኃ የማያስገባ?»

«እሱን እንፈልጋለን፣ ጋሼ።»

«አትፈልጉ። እኔ ነኝ የምገዛው። የልብሷን ቁጥር ጠይቂና ንገሪኝ» አሉና ስልኩን ሳይዘጉ ጠበቁ።