ጎረቤቴ ለእኔ ሲሉ ያፈረሱት ጾም

ዛሬ ጠዋት ውጫሌ ላይ ጎረቤቴ ሐጂ ሰይድ ለእኔ ሲሉ ጾማቸውን አፈረሱ።

በአፍ የሚወሰድ የኮሌራ ክትባት ይሰጥ ነበር። የኩላሊት ሕመምተኛ ነኝና ይጎዳኝ እንደሆነ ነርሷን ጠየቅኋት። ተማሪዎቼን "ጠይቁ" እያልኩ የኖርኩ ሰው ሳልጠይቅ አልውጥም።

"አይጎዳዎትም፣ ጋሼ። ክትባቱ አንጀት ላይ መከላከያ እንዲፈጠር ያደርጋል። የኩላሊት ሕመም ካለ ግን መከላከያው ደከም ሊል ይችላል። አብረዎት ያሉ ሰዎችም ቢወስዱ በሽታውን የማስተላለፍ ዕድላቸው ስለሚቀንስ ለእርስዎ ይበጃል።"

አብረውኝ የመጡት ሐጂ "ጾመኛ ነኝ፣ ነገ እወስዳለሁ" ብለው ነበር። ይህን ሲሰሙ ተቀብለው ዋጡት።

"ኧረ ጾምዎ!" አልኳቸው።

"የሱና ጾም ነው፣ ግዴታ አይደለም፤ ሌላ ቀን እጾመዋለሁ። አንተን ግን ከየት አመጣለሁ?"

(ጣዕሙ ለማፍጠሪያ እንደማይሆን ከፊታቸው አይቻለሁ።)

እኔም ክትባቱን ብወስድም ውኃ አፍልቼ መጠጣቱን አልተውም። ሐጂ፣ እግዜር ይስጥልኝ!

ለእናንተ ጤና ሲል እንዲህ ያደረገ ጎረቤት አላችሁ? እስኪ ጻፉልኝ።