ደቦ የሚያውቅ ዓይን

የያዙኝ ዓለም ከተማ፣ መናኸሪያው አጠገብ ካለች ሻይ ቤት ነው። ጥፋቴ አፌ ነበር። ከአንድ ቀን በፊት እዚያው ተቀምጬ ስለ ድሮን ወሬ ተነሥቶ አንዱ «የእኛ አውሮፕላን» ሲል፣ የእኛ የሆነው ቀለሙ ብቻ ነው አልኩት። በወታደርነት ዘመኔ ጥገና ላይ ስለነበርኩ የማወራውን አውቃለሁ። ነዳጅ እንሞላለን፣ አካሉን እናጥባለን፣ ከመንደርደሪያው ላይ ወፍ እናባርራለን። ሆዱ ውስጥ ያለችውን የታሸገች ሳጥን የሚከፍታት ግን ከውጭ የመጣ ባለሙያ ነው። እሱ ሲከፍታት እኛን ከመጠለያው ያስወጡናል። በገዛ አገራችን፣ በገዛ ግቢያችን፣ ደጅ ቆመን ፀሐይ እንሞቃለን። ሰውዬውን አገሩ ከጠራው አውሮፕላኑ ሸራ ለብሶ ይቆማል። ይህን ተናግሬ ሻዬን ጨርሼ ሄድኩ። በማግስቱ ስመለስ ሁለት ፖሊሶች ቁጭ ብለው ጠበቁኝ።

በፒክአፕ ወደ መንዝ አወጡኝ። የዘመሮን ከተማ አልፈን ስንሄድ ብርዱ ሸሚዜን ዘልቆ አጥንቴ ገባ። እስር ቤት የተባለው አሮጌ የእህል መጋዘን ነው። ሲሚንቶው ላይ የገብስ አቧራ ተጋግሯል፣ ጥግ ጥጉን የተቀደደ ማዳበሪያ ተጥሏል፣ ግድግዳው ላይ ነቀዝ ይሄዳል። አንድ ሽማግሌ ከበግ ፀጉር የተሠራ ባናቸውን ተከናንበው ተቀምጠው ነበር። ገና ስገባ የባናውን ጫፍ ገለጥ አድርገው፣ እዚህ አገር በሸሚዝ አይዘለቅም፣ ና ተጠጋ አሉኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በአንድ ባና ሥር አደርን።

ሽማግሌው የታሰሩበትን ነገር የነገሩኝ በቁርጥራጭ ነው። ገብሳቸው ደርሶ ደቦ ጠሩ። ሰዉ ማጭዱን ይዞ መጣ። እንደ ወጉ ጎን ለጎን ተሰልፈው፣ ፊታቸውን ወደ አንድ አቅጣጫ አዙረው፣ እየዘፈኑ ሲያጭዱ ድሮኑ መጣባቸው። ልጃቸው ከሰልፉ መሐል ነበር። እሳቸው ለአጫጆቹ ጠላ ሊያስጭኑ ወደ ቤት ሄደው ነው የተረፉት። ከቀብሩ በኋላ የሟቾቹ ገብስ ቆሞ እንዳይረግፍ ብለው እንደገና ደቦ ቢጠሩ፣ ስብሰባ ጠርተዋል ተብለው ተያዙ።

ስለዚያ ቀን የሚያምኑት አንድ ነገር ነበር፤ ድሮኑን የሚነዳው ባዕድ ነው። ከላይ ሆኖ ሰልፍ አየ፣ ብረት ሲያብለጨልጭ አየ፣ ጦር መሰለው። የእኛ ሰው ቢሆን ኖሮ ገና ሲያየው ደቦ መሆኑን ያውቅ ነበር ይላሉ። ይህን ሲናገሩ ድምፃቸው ይረጋጋል። ያን ደቦ የጠሩት ራሳቸው ናቸውና፣ የሚጽናኑበት ሌላ ነገር አልነበራቸውም። እኔም እውነቱን እያወቅሁ አላርማቸውም።

አንድ ረፋድ ለምርመራ ተጠራሁ። መርማሪው በኔ ዕድሜ ያለ፣ ሲናገር የማይጮህ ሰው ነው። አገር ታሳንሳለህ አለኝ። የውጮቹ አስተምረው ሄደዋል፣ አሁን የሚያበሩት የራሳችን ልጆች ናቸው፣ ልትኮራ ይገባህ ነበር አለ። የምር ቅር ብሎት ነበር።

ወደ መጋዘኑ ስመለስ የሽማግሌው ሴት ልጅ የገብስ ዳቦ አድርሳ ሄዳለች። ሽማግሌው ሳይባርኩ አይቆርሱም። ለተራበው ስጥ፣ የታሰረውን ፍታ ይሉና መጨረሻ ላይ ሁልጊዜ ያን ባዕድ ያነሣሉ። ደቦን ከጦር ያልለየ ዓይኑን አጥፋው ይላሉ፣ እኔም አሜን እላለሁ። ያን ቀን ግን አላልኩም።

«አሜን አላልክም» አሉ፣ ዳቦውን እንደያዙ።

ምርመራው አድክሞኝ ነው ልል አሰብኩ። ፊታቸውን ሳይ አልቻልኩም።

«አባቴ፣ ዕቃው የባዕድ ነው። ሲበላሽም የሚፈታው ባዕድ ነው። የሚያበሩት ግን የእኛ ልጆች ናቸው።»

«ገበሬ የወለዳቸው?»

«አንዳንዶቹ። አብሬያቸው በልቻለሁ።»

ዳቦውን ጉልበታቸው ላይ አኖሩት። ከላይ ሲያዩት ሰው ትንሽ ነው፣ ሁሉም ይመሳሰላል ልላቸው ፈልጌ ነበር፤ ግን ለማን ጥብቅና ልቆም ነው ብዬ ተውኩት። ያን ጊዜ ያፈርኩትን ያህል በሕይወቴ አፍሬ አላውቅም። ዱላ ቢሆን እችለው ነበር። ከሰው ደጅ ለምነን ያመጣነው ነገር የእኚህን ሰው ልጅ ገደለ፣ የገደለበትም እጅ የኛው ነው፣ እኔ ደግሞ የዚያን ነገር ክንፍ ያጠብኩ ሰው የእሳቸውን ባና ተጋርቼ ተኝቻለሁ። ብድግ ብዬ ከባናው ወጣሁ።

«ተመለስ፣ ይበርድሃል» አሉኝ። ባናውን እየገለጡልኝ ደግሞ «ስሙን ታውቀዋለህ?» አሉ።

«የማንን?»

«የልጁን። የእኛ ልጅ ከሆነ የክርስትና ስም ይኖረዋል። እስላምም ቢሆን ስም አለው።»

አላውቅም አልኩ። እውነቴን ነበር፤ የትኛው እንደሆነ አላውቅም።

«ስሙን ለታቦቱ ልነግር ነው እንጂ እኔማ ይቅር የምልበት አንጀት የለኝም» አሉ። ከዚያ ዳቦውን አንሥተው እንደገና ባረኩ። ለተራበው፣ ለታሰረው አሉ፤ ባዕዱን አላነሡም። «ያን ልጅም፣ ጌታዬ፣ ስሙን አንተ ታውቃለህ» ብለው ሌላ ሳይጨምሩ ዳቦውን ቆረሱ። አሜን አልኩ። የበለጠውን ቁራሽ ለእኔ ሰጡኝ፣ ለእሳቸው ትንሹን አስቀሩ።

ከእሳቸው በፊት ተፈታሁ። በኋላ እሳቸውም ወጥተው ቀያቸው ገብተዋል፣ ዘመሮ ገበያ የሚመላለሱ ሰዎች የእሳቸውን ሰላምታ ያደርሱኛል። ስሙን አገኘኸው ወይ ብለው አንድም ጊዜ አልላኩብኝም።

አብረውኝ ከሠሩት አንዱ አሁንም እዚያው ነው። ከጥገና ወጥቶ ማብረር ተምሯል። በበዓል በበዓሉ ይደውልልኛል፣ ስለ ልጆቹ እናወራለን፣ ደኅና ሰው ነው። ሁልጊዜ ልንሰናበት ስንል የክርስትና ስምህ ማን ነበር ልለው እፈልጋለሁ። ከነገረኝ ስሙን ይዤ ወደ መንዝ መውጣት ሊኖርብኝ ነው። እስካሁን አልጠየቅሁትም።