ጨው ውሃ

ባለፈው ሳምንት የጥርስ ሐኪም ጋ ወረፋ ስጠብቅ፣ አንድ ሰውዬ የመጠበቂያ ክፍሉን የዓሣ ገንዳ ውሃ ሊቀይር መጣ። የቀጭን ላስቲክ ቱቦ አንዱን ጫፍ ገንዳው ውስጥ ነከረ፤ ሌላውን በአፉ ሳበና ውሃው ሲደርስበት ቶሎ ብሎ ወደ ባልዲው አወረደው። እንትፍ አለ። እኔ ምላሴ ላይ ጨው ቀመስኩ። ስሜ ሁለት ጊዜ ተጠርቶ እንዳልሰማሁ የነገረችኝ አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ናት።

አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር። እናቴ እዚሁ ጅቡቲ፣ ወደቡ አጠገብ፣ ለአንዲት ፈረንሳዊት ምግብ ታበስል ነበር። የምንኖረው እዚያው ግቢ፣ በኋላ በኩል ባለች አንዲት ክፍል ነው። ሴትየዋን ሁላችንም ማዳም እንላት ነበር። ፈረንሳይኛ ትምህርት ቤት ያስገባችኝ እሷ ናት፤ ይህንንም ስትረሳው አይቻት አላውቅም።

ሳሎኗ ውስጥ ከሶፋው የሚረዝም የመስታወት ገንዳ ነበራት። ሕይወት ያለው ኮራል በሰማያዊ መብራት ሥር እንደ ጣት ይወዛወዛል፤ ብርቱካንማ ዓሦች በመሃሉ ይሽሎከለካሉ። በዚያ ቤት የአየር ማቀዝቀዣው ቀንና ማታ የማይጠፋው ለእነሱ ነበር። ረቡዕ ረቡዕ ማዳም በመኪናዋ ወደ ባሕሩ ትወስደኝና አራት ሰማያዊ ጀሪካን እንሞላለን። ጀሪካኖቹ ሳሎኑ ጥግ፣ ከመጋረጃው ጀርባ ያድራሉ፤ ሙቀታቸው ከገንዳው ጋር እስኪስተካከል። ሐሙስ ከትምህርት ቤት ስመለስ አሮጌውን ውሃ በቱቦ አወጣለሁ፤ አዲሱን ቀስ እያልኩ፣ በኩባያ በኩባያ እጨምራለሁ። ዓሦቹ ጣቴን ሊነክሱ ይመጡ ነበር። ዓይን አፋር ስለነበርኩ፣ የማልፈራው እነሱን ብቻ ነበር።

እነሱንና እታለምን። እታለም የምላት ለጽዳት የተቀጠረችውን ልጅ ነው፤ ሃያ ዓመት አይሞላትም። ከወሎ ከጓደኞቿ ጋር የመጣችው ወደ የመን ልትሻገር ነበር። ባሕሩን ስታየው ግን እግሯ አልታዘዝ አላት። ጓደኞቿ በጀልባ ሄዱ፤ እሷ ቀረች። እናቴ ካርቲየ 4 በሚባለው ሰፈር ገበያ ውስጥ ስታለቅስ አግኝታት ይዛት መጣች። «ይቺን ሥራ እስካልነጠቁኝ ድረስ እዚያ ውሃ ላይ አልወጣም» ትል ነበር እታለም። ረቡዕ ጀሪካን ይዤ ስወጣም ከወጥ ቤቱ መስኮት አንገቷን አውጥታ፣ «ሚጣዬ፣ ባሕሩን ሰላም በይልኝ። አልመጣም ብላለች በይው» ትለኛለች።

በሁለት ወር የለመደችው ፈረንሳይኛ «ሜርሲ» ብቻ ነበር። ማዳም ግን «ዊ» የምትል ይመስላት ነበር፤ አዎ የምትል። እታለም ደግሞ ብርጭቆ ሲያመልጣትም፣ ፀሐዩ ሲያቃጥላትም የምትለው የእኛን ውይ ነው። ለማዳም ጆሮ ሁለቱ አንድ ነበሩ። «ሁሌ እሺ ባይ ናት፤ ደስ የምትል ልጅ» ትለኝ ነበር ማዳም። ለእታለም ስነግራት ሆዷን ይዛ ሳቀች።

አንድ ሐሙስ፣ በግንቦት መጨረሻ፣ የክፍሌ ልጅ ልደቷ ላይ ጠራችኝ። ከዚያ በፊት ማንም ጠርቶኝ አያውቅም። ጫማዬን እያሰርኩ እታለምን፣ «ውሃውን ዛሬ አንቺ ቀይሪልኝ። በቱቦው እስከ ግማሽ አውጪና ጨው ውሃውን ጨምሪበት» አልኳት።

«ጨው ውሃውን?»

«አዎ።»

«ጨው ውሃውን ነው ያልሽኝ?»

«አዎ አልኩሽ እኮ፣ ረፈደብኝ።»

በማዳም ቋንቋ የጨው ውሃ ማለት የባሕሩ ነው። ከእሷ ጋር ስለ ገንዳው ስናወራ የምንለው እንደዚያ ስለሆነ፣ ያንኑ ተርጉሜ መናገሬ ነበር። ወጥ ቤት ውስጥ ግን ጨው ውሃ ስንል የቧንቧው ነው፤ ጨው ጨው ስለሚል ዕቃ የምናጥብበት። የምንጠጣው ጣፋጩ ይባላል፤ የባሕሩ ደግሞ የባሕሩ። እታለም ሁለት ጊዜ መጠየቋ ለዚህ ነበር። ጣሪያው ላይ ያለው ሮቶ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ሲመታው ውሎ፣ ከቧንቧው የሚወርደው ውሃ እጅ ይልጥ ነበር።

እኔ ኬክ በላሁ። ፊኛም ሰጡኝ።

በማግስቱ ጠዋት ሳሎኑ እንደ ወደቡ የዓሣ ገበያ ሸተተ። ኮራሉ እንደ ኖራ ነጥቷል። ዓሦቹ ሆዳቸውን ወደ መብራቱ አዙረው ላይ ተንሳፍፈዋል። ማዳም መጋረጃውን ገለጠች፤ አራቱ ጀሪካኖች እንደሞሉ ተደርድረዋል። አልጮኸችም። እታለምን አስጠርታ ወደ ገንዳው እያመለከተች፣ «ይህን ያደረግሽው አንቺ ነሽ?» አለቻት በፈረንሳይኛ።

እታለም ገንዳውን አየች። ሁለት እጇን አፏ ላይ አድርጋ፣ «ውይ» አለች። «ውይ፣ ውይ በሞትኩት።»

«እሺ፣ አምናለች» አለች ማዳም ወደ እኔ ዞራ።

በእኛ ቋንቋ ይህ ቃል አዎ ማለት አይደለም ማለት ነበረብኝ። ያን ያህል ብቻ። እናቴ ቢላዋ እንደያዘች ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማ ነበር። ትምህርት ቤቴን አሰብኩ፤ የኋላውን ክፍላችንን አሰብኩ።

እታለም ክንዴን ይዛ፣ «ንገሪያት እንጂ፣ ሚጣዬ። ጨው ውሃውን ነው ያልሽኝ። ሁለቴ ጠይቄሻለሁ» አለችኝ።

«ምን ትላለች?» አለች ማዳም።

«ይቅርታ አድርጉልኝ ትላለች» አልኩ። ከአፌ ሲወጣ አረፍተ ነገሩ አጭር መሰለኝና፣ የሚዋሽ ሰው ሁሉ የሚያደርገውን አደረግኩ፤ አስረዘምኩት። «ማንንም ሳልጠይቅ በራሴ ነው ያደረግኩት ትላለች።»

እናቴ ፈረንሳይኛ ትሰማ ነበር። ለረጅም ጊዜ አየችኝ። ከዚያ ተመልሳ ገባች፤ የሽንኩርት መክተፊያው ድምፅ ካቆመበት ቀጠለ።

«ንገሪያት» አለች ማዳም። «እነዚህ ዓሦች እንኳ ስመጣ ያውቁኝ ነበር። እሷ ሁለት ወር ኖራ ምንም አልገባትም። በእጇ ታውጣቸውና ዛሬውኑ ትሂድ።» ይህንን አንዲት ቃል ሳልጥል ተረጎምኩላት።

አሁን ሥራዬ ማስተርጎም ነው፤ ፔካ 12 በሚባለው የከባድ መኪና ማቆሚያ አካባቢ፣ ለሾፌሮቻችንና ፈረንሳይኛ ለሚናገሩ የጭነት ሹሞች። ሾፌር ውይ ባለ ቁጥር ሳልጠየቅ፣ «አዎ ማለቱ አይደለም» እላለሁ። ሹሞቹ ለምደውኛል፤ ይስቃሉ።

ያን ቀን እታለም ዓሦቹን አንድ በአንድ አወጣቻቸው። ልብሷ በአንድ ፌስታል አለቀ። በሩ ድረስ ሸኘኋት።

«ፖሊስ እንዳትጠራብኝ ለመንሽልኝ አይደል?» አለችኝ። «ወረቀት እንደሌለኝ ታውቃለች። ስታወሪያት እኮ አየሁሽ፤ ከዚያ በኋላ ድምጿ ቀዝቀዝ አለ።»

ራሴን ነቀነቅኩ። አዎ ማለቴ ነበር።

ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ ጉንጬን ሳመችኝ። እጇ የሞተ ዓሣ ይሸት ነበር። «ስለ ጨው ውሃው ተይው፤ እኔ ነኝ በደንብ ያልሰማሁሽ» አለች።

«የት ልትሄጂ ነው?»

በአገጯ ቁልቁል ወደ ባሕሩ አሳየችኝ። «ወዴት እሄዳለሁ? ሰላም እልልሻለሁ።»

ከዚያ ወዲህ ስለ እሷ የሰማሁት ነገር የለም።

በሚቀጥለው ረቡዕ ከማዳም ጋር እንደ ወትሮው ጀሪካኖቹን ይዘን ወረድን። ገንዳው ውስጥ የተረፈው አንድ ቀንድ አውጣ ነበር፤ መስታወቱ ላይ ተለጥፎ የማይንቀሳቀስ። «ቢያንስ እሱ እንዳይሞትብን» አለች ማዳም፣ ጸጉሬን እየዳሰሰች። ቀሚሴን ሰብስቤ እስከ ጉልበቴ ገባሁ። ውሃው ሞቅ ያለና ጥርት ያለ ነበር። አራቱንም ሞላሁ።