ጋፋት፣ ጤፉን ዞረን

እናቴ በእግር ጉዞዬ ላይ ያወጣችው ሕግ አንድ ብቻ ነው፤ "ብቻሽን አትሄጅም።" ወንድሜ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ሩቅ አገር እስኪሄድ ድረስ ይህ ሕግ አስቸግሮኝ አያውቅም። ቅዳሜ ቅዳሜ እሱ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ሆነን በደብረ ታቦር ዙሪያ ያለውን የፈረሰ ቅጥር፣ ያረጀ ደብር፣ የድሮ መንገድ ስንዞር እንውል ነበር። እሱ ሲሄድ ቅዳሜዬም አብሮት ሄደ። መስከረምን ሙሉ ደጃፍ ላይ ተቀምጬ የጉናን ተራራ በሩቁ ሳይ አሳለፍኩ።

በጥቅምት አንዲት አዲስ ልጅ ክፍላችን ገባች። አባቷ እዚህ ዩኒቨርሲቲ ሊያስተምር ከሐዋሳ ተዛውሮ ነው። አጠገቤ ተቀመጠችና ገና ሳንላመድ፣ "እዚህ ከተማ ግን ምን ይታያል? ብርድ ነው እንዴ የሚታየው?" አለችኝ።

ሳቅሁ፤ ሆዴ ግን ሌላ ያስብ ነበር። ይህችን ልጅ መንገድ ካስወደድኳት ቅዳሜዬ ተመለሰልኝ ማለት ነው። ካሰለቸኋት ደግሞ አበቃ፤ ሌሎቹ ጓደኞቼ እንደሆነ ገበያ ድረስ እንኳ በእግር መሄድ አይወዱም።

"ጋፋት እወስድሻለሁ" አልኳት። "ንጉሡ መድፍ ያሠሩበት ቦታ ነው።"

"መድፉ አለ?"

"መድፉማ የለም።"

"ታዲያ ምን አለ?"

"ስንደርስ ታዪዋለሽ።"

ምን እንደምታይ እኔም አላውቅም ነበር። ከወንድሜ ጋር የሄድነው ግንቦት ላይ ነው። ሜዳውን አቋርጠን፣ ምድጃው የነበረበት ነው የተባለውን ጉብታ ከሩቅ ዐይተን፣ ዝናብ መጣ ብለን እየሮጥን ተመለስን።

ቅዳሜ ጠዋት ተነሣን።

"ባጃጅ የለም?" አለች።

"አለ፤ ግን በባጃጅ ከሄድሽ ምኑን አየሽው?"

ከከተማው ወጥተን ቁልቁል ስንወርድ ደስ ብሏት ነበር። አገሩ ሁሉ ጤፍ ነው፤ ነፋስ ሲነካው እንደ ውሃ ተኝቶ ይነሣል። ጉዱ የመጣው እኔ "በዚህ ነው" ብዬ የመራሁበት መንገድ ጤፍ ውስጥ ገብቶ ሲጠፋ ነው። ግንቦት ላይ ማሳው ባዶ ስለሆነ ሰውም ከብቱም በመሃል ይሄዳል፤ መንገድ ይመስላል። ጥቅምት ላይ ግን ያ መንገድ ታርሶ፣ ተዘርቶ፣ ለጉልበት ደርሷል። የገበሬ አገር ልጅ ሆኜ ይህን እንዴት እንደረሳሁት!

አንድ እግሬን ወደ ጤፉ ከማንሣቴ ከማዶ ድምፅ መጣ።

"አንቺ ልጅ! አንቺ ልጅ! እህሌን እንዳትረግጪብኝ!"

አንዲት ሴት ማጭዳቸውን እንደያዙ ከሚያጭዱት ሣር ቀና ብለው ያዩናል።

"ይቅርታ እናቴ! መንገዱ ወዴት ሄደ?"

"መንገዱማ ታረሰ! በድንበሩ ዙሩ!"

"ሩቅ ነው እኮ!"

"የቸኮለ አፍሶ ለቀመ!" አሉና ሳቁ። "የልጅ እግር ይዛችሁ ምን ቸገራችሁ?"

ዞርን። የማሳው ድንበር በድንጋይ ካብ የታጠረ ነው፤ በካቡና በጤፉ መሃል አንድ እግር ብቻ የምታስገባ ጭቃ አለች። የጓደኛዬ ነጭ ጫማ መልኩ ጠፋ። እሷም ሰዓቷን ማየት ጀመረች። ይህን አውቀዋለሁ፤ ክፍል ውስጥም ሰዓቷን የምታየው ሲሰለቻት ነው።

"ንጉሡ እኮ..." ብዬ ጀመርኩ።

"ንጉሡም በዚህ ነው የመጡት?" አለችኝ። "መድፉን ተሸክመው?"

ቅዳሜዬ አለቀ አልኩ በሆዴ።

ያኔ አዳለጣት። ላለመውደቅ ካቡን ስትይዝ አንድ ድንጋይ ተነቅሎ እጇ ላይ ቀረ። ልትጥለው አለችና ቆም አለች።

"ይሄ ነገር ምነው ከበደ?"

ተቀበልኳት። ጡጫ የሚያህል ጥቁር ነገር ነው፤ ክብደቱ ግን ከመጠኑ ጋር አይገናኝም። አንዱ ጎኑ እንደ ጠርሙስ ያብረቀርቃል፤ ሌላው እንደ እንጀራ ዐይን ዐይን አውጥቷል። ሲፈስ ቆይቶ ድንገት ደርቆ የቀረ ይመስላል።

"ሌላም አለ!" ጭቃውን ረስታ ተንበርክካለች። "እዪ፣ እዚህ! ይኸው ይሄም!"

ሴትዮዋ ነገሩ ገርሟቸው መጡ። "ደግሞ ምን አገኛችሁ?"

"ይሄ ምንድን ነው፣ እናቴ?"

"እሱ? የብረት አር ነዋ!"

ሁለታችንም በሳቅ ፈነዳን። እሳቸውም ሳቃችን ተጋባባቸው። "ምን ያስገለፍጣችኋል? የንጉሡ ምድጃ ብረት ሲያቀልጥ የጣለው ነው እኮ። ከማሳው እየወጣ ማረሻ ሲያስቸግር፣ ባሌም አባቱም እየለቀሙ ዳር ሲወረውሩት ኖሩ። ከፈለጋችሁ ውሰዱልኝ፤ ካቡንም ጭምር!"

ግንቦት ላይ እኔና ወንድሜ ማሳውን አቋርጠን ስናልፍ ይህን ካብ ዞር ብለንም አላየነው። ጤፉ ባያዞረን ኖሮ ዛሬም አናየውም ነበር።

ጓደኛዬ የሚያብረቀርቀውን ጎን በአውራ ጣቷ ታሻሸዋለች። "ይሄ እኮ ፈሳሽ ነበር" አለች ቀስ ብላ። "ሲፈስ የሆነ ሰው አጠገቡ ቆሟል። ፊቱን እየለበለበው።"

እኔም እሱኑ እያሰብኩ ነበር።

ቦርሳዋን ከፈተች፤ መልሳ ዘጋችው። ድንጋዩን እዚያው ክፍተቱ ውስጥ ወሸቀችው። "ቤት ብወስደው አባቴ ከመንገድ ያነሣሁት ነው የሚመስለው። እዚሁ አምጥቼ ነው የማሳየው።"

ቤት ስንደርስ እናቴ በር ላይ ቆማ እስከ ጉልበታችን የተለጠፈውን ጭቃ አየች። "ምን ሆናችሁ? ወደቃችሁ እንዴ?"

"የብረት አር አገኘን!" አለች ጓደኛዬ፣ ሰላምታውን እንኳ ረስታ።

እናቴ ወደ እኔ ዞረች። ሳቄን አፍኜ መሬት መሬቱን አየሁ።

"ጉና ላይስ ምን አለ?" አለች ጓደኛዬ።

"ጉና ላይማ ብርድ ነው ያለው፣ ልጄ።" እናቴ ትንሽ አሰብ አድርጋ ወደ ጓዳ ገባች። ስትመለስ የወንድሜን ወፍራም ሹራብ ይዛለች። እጅጌውን ዘርግታ በጓደኛዬ ትከሻ ላይ ለካችው።

"ትንሽ ይሰፋታል" አለችኝ።