በእኔ ስም የሄደው ኢሜይል

ኢሜይሉ የመጣው ረቡዕ ጠዋት ነው፤ ሦስት ሰዓት ገና አልሞላም ነበር። ደብረ ማርቆስ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሪከርድ ክፍል ሠራተኛ ነኝ። የተማሪ ውጤት እመዘግባለሁ፣ ትራንስክሪፕት እሠራለሁ፣ ማኅተም አስመታለሁ። ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦብን ቆይቶ ከተመለሰ ሁለተኛ ሳምንቱ ነበር። ያን ሰሞን ወደ ቢሮ ስገባ መጀመሪያ የማደርገው ኢሜይል መክፈት ነበር፤ ነገ ይጠፋ ይሆናል እያልኩ።

ከላዩ ኮምፒውተሮቻችን የሚሠሩበትን ፕሮግራም የሚያወጣው የሶፍትዌር ኩባንያ ዓርማ አለበት። የተጻፈው በአማርኛ ነው። ኮምፒውተሩ ለረጅም ጊዜ እንዳልታደሰ፣ መከላከያው ጊዜው እንዳለፈበት፣ የተያያዘው ፋይል ዛሬውኑ ካልተጫነ ውስጡ ያለው መረጃ ሁሉ ሊጠፋ እንደሚችል ይናገራል። አለመታደሱ እውነት ነው። ያን ያህል ወር ያለ ኢንተርኔት በምን ይታደሳል? እኔን የጣለኝ ይኸው ነው። እኔ በዓይኔ የማየውን ነገር ነግሮኝ አመንኩት።

በመስኮቱ በኩል አንድ ከገጠር የመጡ አባት የልጃቸውን ትራንስክሪፕት ሊወስዱ ቆመው ነበር። «አንድ ደቂቃ ይታገሡኝ አባቴ፣ ይቺን ልጨርስ» አልኳቸውና ፋይሉን ከፈትኩ።

ምንም አልሆነም። አንዲት ትንሽ ሳጥን ብልጭ ብላ ጠፋች። ተጭኗል ማለት ነው ብዬ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። የሰውየውን ልጅ ስም ፈልጌ ፋይሉን ስጫነው እምቢ አለኝ። ሌላ ሞከርኩ፣ እምቢ። ከዚያ እያየሁት፣ የፋይሎቹ ምልክት ከላይ ወደ ታች አንድ በአንድ ነጭ እየሆነ ሄደ። የዘንድሮ፣ ያምና፣ የካቻምና። ማውሱን ይዤ ወዲያ ወዲህ እላለሁ፤ ምኑን እንደማስቆም ግን አላውቅም። በመጨረሻ ስክሪኑ ጠቆረና በእንግሊዝኛ ጽሑፍ መጣ። ፋይሎቻችሁ ተቆልፈዋል፣ ማስከፈት ከፈለጋችሁ ክፈሉ ይላል።

ከወንበሬ ተነሣሁና ተመልሼ ተቀመጥኩ። አባትየው «ምነው ልጄ፣ አመመሽ እንዴ?» ሲሉኝ ድምፃቸው ከሩቅ የሚመጣ ይመስል ነበር።

የአይሲቲ መምህሩን ከክፍል አስጠራሁት። ዝምተኛ ሰው ነው፤ ሲደነግጥ አይቼው አላውቅም። ገብቶ ስክሪኑን እንዳየ የኢንተርኔቱን ገመድ ከግድግዳው ላይ መንጭቆ ነቀለው።

«ማን ነው የነካው?»

«እኔ ነኝ። ከኩባንያው የመጣ መስሎኝ…»

«ኩባንያው እንዲህ ዓይነት ነገር በኢሜይል አይልክም» አለ። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ በራሱ ስልክ የእኔን ኢሜይል እንድከፍትለት ጠየቀኝና የተላኩ መልእክቶችን አሳየኝ። እኔ ያልጻፍኩት ደብዳቤ በእኔ ስም ወጥቷል። ያው ዓርማ፣ ያው ፋይል፣ ከሥሩ የእኔ ሙሉ ስምና የሥራ ድርሻዬ። አድራሻቸው እኔ ዘንድ ላለ ሰዎች ሁሉ ሄዷል።

«አሁኑኑ ደውይላቸው። ያልከፈተ እንዳይከፍት» አለኝ።

ደወልኩ። ትምህርት ጽሕፈት ቤት ደወልኩ፣ ጉንደ ወይን ደወልኩ፣ እዚሁ ማርቆስ ያሉ ትምህርት ቤቶች ጋ ደወልኩ። ስሜን ተናግሬ «ከእኔ የመጣ ኢሜይል አለ፣ እባካችሁ እንዳትከፍቱት» ስል ራሴን እየከሰስኩ ያለሁ ይመስለኝ ነበር። አብዛኞቹ አላዩትም። ሉማሜ በሚገኝ ትምህርት ቤት እንደ እኔ ሪከርድ ክፍል የምትሠራው ባልደረባዬ ግን ስልኩን ስታነሣ ድምፅዋ ደስ ያለው ነበር።

«አሁን ልደውልልሽ ስል! የላክሽውን ጫንኩት፣ ግን ኮምፒውተሩ…»

«ከፍተሽዋል?»

«አንቺ አይደለሽ እንዴ የላክሽው?»

«እኔ አይደለሁም፣ የኢንተርኔቱን ገመድ ንቀይው» አልኳት።

ከዝርዝሩ የቀሩት አንድ ሰው ብቻ ነበሩ፤ የኔታ።

የኔታ ቄስ ናቸው፤ እኔን አማርኛ ያስተማሩኝም እርሳቸው ናቸው። ጡረታ ከወጡ በኋላ ወደ ትውልድ አገራቸው፣ ወደ ሮብ ገበያ ተመልሰው ገቡ። ከጎልማሳነታቸው ጀምሮ የካሴት መቅጃ ተሸክመው በየቅኔ ጉባኤው እየዞሩ የመምህራኑን ድምፅ ሲቀዱ ኖረዋል። ቅኔውን ብቻ አይደለም፤ መምህሩ ለደቀ መዝሙሩ ሰሙንና ወርቁን ሲፈታለት፣ ሲገሥጸው፣ ሲስቅበት ጭምር። ከእነዚያ መምህራን ዛሬ በሕይወት ያሉት ጥቂት ናቸው። ካሴቶቹ ሲሻግቱና ሲበጠሱባቸው ጊዜ፣ አንድ ክረምት ሙሉ ቁጭ ብዬ ወደ ኮምፒውተር የገለበጥኩላቸው እኔ ነኝ። ላፕቶፑን ያስገዛኋቸው እኔ፣ ኢሜይል ያስተማርኳቸው እኔ። «ሌላ ቅጂ እንሠራለን የኔታ» ያልኳቸውም እኔ ነኝ፤ ዛሬ ነገ እያልኩ ግን አልሠራሁላቸውም። ያ ሁሉ ድምፅ ያለው በዚያች ላፕቶፕ ውስጥ ብቻ ነበር። የኔታ ደግሞ ከእኔ የመጣውን ሁሉ ያምናሉ።

ስልካቸው አይጠራም። ደጋግሜ ሞከርኩ። ሮብ ገበያ ኔትወርኩ ይመጣል፣ ይሄዳል፤ አሁን ስልኩ ባይሠራም ኔትወርኩ በመጣበት ደቂቃ ኢሜይሉ ገብቶላቸው ሊሆን ይችላል። ዳይሬክተሩ ስብሰባ ላይ ስለነበር ለአይሲቲው መምህር ነግሬው ወጣሁ።

ገበያ ቀን ስለሆነ መኪና አላጣሁም። ሚኒባሱ ውስጥ ተጠጋግተን ተቀመጥን፤ አጠገቤ ያለችው ሴት በጭኗ የያዘቻት ዶሮ ክንዴን ትነካኛለች። ሌላ ቀን ቢሆን በዚያ ሰሞን የምፈራው መንገዱን ነበር። ማን ያስቆመን ይሆን፣ እንመለስ ይሆን ብዬ። ያን ቀን ፍተሻ ላይ አስወርደው መታወቂያ ሲያዩን እንኳ ስለ ራሴ አልፈራሁም። የፈራሁት ለሚባክነው ደቂቃ ነው። መታወቂያዬን የመለሰልኝ ወጣት ፈታሽ ፊቴን አይቶ «ምን ያስፈራሻል?» አለኝ። ከሁሉም ቀድሜ ወደ መኪናው ተመለስኩ።

ወደ ላይ ስንወጣ ጭጋጉ የጮቄን ራስ ሸፍኖት ነበር። ብርዱ በመስኮቱ ስንጥቅ ይገባል። ዓይኔን በጨፈንኩ ቁጥር የኔታ መነጽራቸውን አድርገው፣ በአንድ ጣታቸው፣ ቀስ ብለው ያን ፋይል ሲጫኑ ይታየኛል። ከዚያ እነዚያ መምህራን በተራ ሲጠፉ። በሕይወቴ ሰው ሞቶብኝ አልቅሻለሁ፤ የሞተ ሰው ሁለተኛ በእኔ እጅ ሊሞት ነው ብዬ የፈራሁት ግን ያን ቀን ብቻ ነው።

ከመኪና እንደወረድኩ ገበያተኛውን እየገፋሁ ወደ ቤታቸው ሮጥኩ። ባለቤታቸው ደጃፍ ላይ ድንች ያጥባሉ። ሲያዩኝ ዕቃው ከእጃቸው ወደቀ።

«እሰይ፣ አለሽ? መምሬ አላገኙሽም?»

«የት ሄደዋል እትዬ?»

«ወዳንቺ ነዋ! ጠዋት ያንን ዕቃቸውን ከፍተው የሆነ ነገር አነበቡ። ፊታቸው ተለዋወጠ። ‹ልጂቱን አንድ ነገር አግኝቷታል› አሉና እህል ሳይቀምሱ ብድግ አሉ። በመንገድ አልተላለፋችሁም?»

«ላፕቶፑስ?»

«በጋቢያቸው ጠቅልለው ይዘውት ወረዱ።»

ላፕቶፑን ይዘው የሚወርዱት ለምንድን ነው? ተቆልፎባቸው፣ ጠቁሮባቸው እንድሠራላቸው ካልሆነ? «ፋይሉን ከፍተውት ነበር?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ኧረ እኔ በምን አውቄ ልጄ» አሉኝ። ቁጭ በይ፣ አፍሽ ላይ አንድ ነገር አድርጊ እያሉ ሲለምኑኝ ትቻቸው ተመለስኩ።

ወደ ማርቆስ የሚመለስ ሚኒባስ ገና አልሞላም። ድንች የጫነ አይሱዙ አገኘሁና ሹፌሩን ለምኜ ጋቢና ገባሁ። ሹፌሩ ጨዋታ ወዳድ ነበር፤ ስለ ድንች ዋጋ፣ ስለ ጎማ፣ ስለ ልጁ ያወራኛል። እሺ እሺ እላለሁ። ቁልቁለቱን በወረድን ቁጥር ኔትወርክ መጣ አልመጣ እያልኩ ስልኬን አያለሁ። ማርቆስ ልንደርስ ስንል መስመሩ ተመለሰና የኔታ ጋ ደወልኩ። ዝግ ነው።

ትምህርት ቤቱ በር ላይ ስደርስ ዐሥር ሰዓት አልፎ ነበር። የኔታ ጥበቃው ቤት ውስጥ አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል። በጋቢ የተጠቀለለ ነገር በጉልበታቸው ላይ አቅፈዋል። ሲያዩኝ ከመቀመጫቸው ተነሡ።

«አለሽ?»

«አለሁ የኔታ።»

«አልያዙሽም?»

«ማን ነው የሚይዘኝ?»

መስቀላቸውን ግንባሬ ላይ አሳረፉት። ተሳልሜ ቀና ስል ጠየቅኋቸው፤ «የኔታ፣ ያንን ፋይል ከፈቱት?»

«ምን ብዬ እከፍተዋለሁ? ‹አንተ› ይለኛል እኮ! ‹ይህን ክፈት፣ ኮምፒውተርህን አድን› ይለኛል፤ ከሥሩ ስምሽ አለ። ያስተማርኋት ልጅ ‹አንተ› አትለኝም አልሁ። ወይ አእምሮዋ ታውኳል፣ ወይ ሰው እጅ ወድቃ በስሟ የሚጽፍ ሌላ ነው አልሁ። ስልክሽን ብመታው ተይዟል ይለኛል። ደጋግሜ ብመታው ተይዟል። ኋላም የእኔው ባትሪ አለቀ። ይኸውልሽ፣ ጽሑፉን ለፖሊስ አሳያለሁ ብዬ ዕቃውን እንዳለ ይዤው ወረድሁ። ጥበቃውም ‹እየሮጠች ወጣች፣ የት እንደሄደች አላውቅም› አለኝ።»

ስልኬ የተያዘው ሰው ለማስጠንቀቅ ስደውል ነበር። እርሳቸው እኔ ታፈንኩ ብለው፣ እኔ ድምፆቹ ጠፉ ብዬ፣ በአንድ መንገድ ላይ በየመኪናችን ተላልፈናል። ጥበቃው እያየኝ እንደ ሕፃን ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። ያኔ ነው ለእኔ የመጣውም ኢሜይል «አንተ» ይለኝ እንደነበር ያስታወስኩት፤ ሴት መሆኔን እንኳ አላወቀም። አንብቤዋለሁ፤ አላየሁትም።

የአይሲቲው መምህር አልሄደም ነበር። ላፕቶፑን ኢንተርኔት ሳያገናኝ ከፍቶ መረመረው፣ ኢሜይሉን አጠፋው፣ ድምፆቹንም በሁለት ሃርድ ዲስክ ገለበጣቸው። ደህና መሆናቸውን ሊያረጋግጥ አንዱን አስነሣው። አንድ ሽማግሌ ሳላቸውን ጠርገው ተማሪ ሲቆጡ ተሰማ። የኔታ ሳቁ። እኔ ሳቅ አልመጣልኝም፤ የተቆለፈው የእኔ ኮምፒውተር ጥግ ላይ ገመዱ ተነቅሎ ተቀምጦ አየዋለሁ።

በማግስቱ ዳይሬክተሩ ቢሮው አስጠራኝ። «የጽሑፍ ማብራሪያ ታቀርቢያለሽ» አለኝ። አቀረብኩ። ለቀናት ከሥራ እባረራለሁ ብዬ ጠበቅኩ፤ የቢሮው በር በተንኳኳ ቁጥር ደብዳቤዬ መጣ እላለሁ። የመጣው ማስጠንቀቂያ ነበር። የተቆለፈው ፋይል እስከ ዛሬ አልተከፈተም፤ ትምህርት ቤቱም አልከፈለም። ያዳነን መጋዘን ውስጥ የተከመረው የወረቀት ሮስተር ነው። አይጥ የበላው አለ፣ ዝናብ ያበላሸው አለ። የአንድ ክፍል ሮስተር ግን ጨርሶ ጠፋና ተማሪዎቹን አንድ በአንድ እየጠራን፣ ካርዳቸውን ከየቤታቸው እያስመጣን መዘገብን። አንዷ ካርዷን አጥታ ፊቴ ቆማ ስታለቅስ የምገባበት ጠፋኝ። የእሷን ውጤት ከአስተማሪዎቿ የማርክ መዝገብ ለቅመን አገኘንላት።

የእኛ ሲያልቅ ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ሉማሜ መሄድ ጀመርኩ። ባልደረባዬ የመጀመሪያ ቀን ከመቀመጫዋ አልተነሣችልኝም።

«ከኩባንያው ቢመጣ አልከፍተውም ነበር» አለች፣ ፊቷን ሳታዞር። «የከፈትኩት ያንቺን ስም አይቼ ነው።»

«አውቃለሁ።»

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩና ሮስተሩን ማንበብ ጀመርኩ። እኔ አነባለሁ፣ እሷ ትመታለች። ስም፣ ዕድሜ፣ ሒሳብ፣ ፊዚክስ። በሦስተኛው ቅዳሜ ሻይ ቤት ወስዳ ምሳ ጋበዘችኝ። ስለ ኢሜይሉ ግን አላነሣንም።

አሁን አንዳችን ለሌላችን የምንልከው ነገር ሲኖር ደውለን እንናገራለን። ባለፈው ሳምንት ደውላልኝ «ቅጹን ልኬልሻለሁ፣ እኔ ነኝ» አለችኝ። ድምፅዋን በጆሮዬ ሰምቼ፣ ስሟን በዓይኔ አይቼ፣ ጣቴን ማውሱ ላይ አድርጌ ረጅም ሰዓት ተቀመጥኩ። በመጨረሻ መልሼ ደወልኩላትና ቅጹን አትማ በመኪና እንድትልክልኝ ለመንኳት።

«እሺ» አለች። ለምን ብላ አልጠየቀችኝም።