ከ18 ማዞሪያ እስከ ቤቴል የተሰማ «አቤት»

ይህ ታሪክ መጻፍ ይገባው እንደሆነ አላውቅም። ባሕርና በረሃ አቋርጠው የተሰደዱ ሰዎች ባሉበት አገር፣ እኔ ከኮልፌ 18 ማዞሪያ ቤቴል ድረስ በታክሲ ሄጄ «ተሰደድኩ» ብል ማን ያዝንልኛል? ግን እኛ ቤት እስከ ዛሬ «ምሕረት የተሰደደች ጊዜ» እየተባለ ይወራል። እንደኔ ቤተሰብ መሀል ተቀምጣችሁ ለመጻፍ የምትታገሉ ተማሪዎችም አትጠፉም። ስለዚህ እንደሆነው አድርጌ ልንገራችሁ።

የሄድኩ ዕለት ማታ እማዬ የስፌት መኪናዋን ትረግጣለች፣ አባዬ ሬዲዮ ይሰማል፣ ወንድሜ ናቲ ኳስ ያያል። አባዬ ሬዲዮውን ሲጨምር ናቲ ቴሌቪዥኑን ይጨምራል። እኔ አልጋዬ ላይ ሆኜ የጽሑፍ ኮርስ ሥራዬን ጀምሬአለሁ። መምህራችን «በአንድ ቤት የሚኖሩ ሰዎችን ጻፉ» ብለውን ነበር። አንደኛ ዓመት ነኝ፤ በዚህ ኮርስ ጥሩ ውጤት ካላመጣሁ የምመኘው ሥነ ጽሑፍ ክፍል አይደርሰኝም።

እማዬ ደግሞ አንዳችንን ስትፈልግ የሁላችንንም ስም ሳታዳርስ አትጠራም። ታላቅ እህቴ ሊዲያ አግብታ ከወጣች ቆየች፤ ስሟ ግን አሁንም እኛው ቤት ነው።

«ሊዲያ! ናቲ! ኧረ አንቺ ምሕረት!»

«አቤት!»

«ሜትሩን አየሽው?»

«አላየሁም።»

አንድ መስመር ሳልጽፍ እንደገና፣ «ሊዲያ! ናቲ! አንቺ ምሕረት!»

«አቤት!»

«ተዪው፣ አንገቴ ላይ ነው።»

ተነሣሁ። «በቃ እሄዳለሁ! እዚህ ቤት አቤት ከማለት ሌላ ሥራ የለኝም!»

አባዬ ሬዲዮውን ቀነሰ። «ወዴት ነው የምትሄጂው?»

«እትዬ ዘውዴ ጋ፣ ቤቴል።»

እትዬ ዘውዴ የአባዬ የአጎት ልጅ ናቸው። ልጆቻቸው ወጥተው እርሳቸው ብቻቸውን ስለሚኖሩ ባዶ ክፍል አላቸው። እማዬ አልተከራከረችኝም። ለእርሳቸው ደውላ፣ ዳቦ በፌስታል ቋጥራ ሰጠችኝ፤ ድንበር የምሻገር ነበር የመሰላት።

ድንበሩንም አገኘሁት። ቤቴል ስደርስ የእትዬ ዘውዴ ግቢ ዘበኛ በሩን ገርበብ አድርጎ ቆመ።

«ከየት ነሽ?»

«ከ18።»

«ከዚሁ ከ18?»

«አዎ።»

«ለምን መጣሽ?»

«ለመጻፍ።»

ከእግር እስከ ራሴ አየኝ። «18 እስክሪብቶ ጠፋ?»

እትዬ ዘውዴ ደንባቸውን የነገሩኝ ገና ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ ነው። «እዚህ ቤት ጸጥታ ነው፣ ልጄ። በር አይላተምም፤ ስልክ ደጅ ወጥቶ ነው የሚወራው።»

«እሺ፣ እትዬ።»

«እሺውንም ቀስ ብለሽ በዪው።»

የቤቴል ነፋስ እንኳ ተጠንቅቆ የሚነፍስ መሰለኝ። እኛ ቤት ሽሮ ሲንተከተክ ጎረቤት ይሰማል፤ እዚህ ድስቱም ምክር የተሰጠው ነው። ቁርስ «ኦትሚል» የሚሉት ነገር ነው። ስቀምሰው፣ እማዬ ስንታመም የምታጠጣን የአጃ አጥሚት ሆኖ አገኘሁት። ሳልታመም ስጠጣው ሆድ ባሰኝ።

ሥራዬን ግን ባንድ ቁጭታ ጨረስኩ። ለመምህሩ ሰጥቼ ምስጋና ስጠብቅ፣ «ዓረፍተ ነገሮችሽ ንጹሕ ናቸው» አሉኝ። ደስ አለኝ። «ግን ምሕረት፣ እዚህ ቤት ሰው ይኖራል? ሁሉም ተራ ጠብቆ ነው የሚናገረው። ባንክ ነው እንዴ?» ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። ዓርብ አስተካክዬ እንዳመጣ ፈቀዱልኝ።

ሐሙስ አመሻሽ ድረስ ቃል አልወጣኝም። የእማዬን አነጋገር ላስታውስ ብሞክር የምሰማው የራሴን ድምፅ ነው። ጨነቀኝና ደወልኩላት።

«እማዬ፣ እንዳትዘጊው። ስልኩን ስፌት መኪናሽ ላይ አስቀምጪልኝ።»

«ምን ሊያደርግልሽ?»

«ልሰማችሁ።»

«ምናችንን ትሰሚያለሽ? ጸጥ ብለን እኮ ነው ያለነው!» አለች፤ ከኋላዋ ሬዲዮና ቴሌቪዥን እየተደባደቡ።

አስቀመጠችው። እኔም የራሴን ስልክ ድምፁን ጨምሬ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት።

«ናቲ፣ ቀንሰው!»

«አባዬ ይቀንስ!»

«እኔ ዜና ነው የምሰማው! አንተ ሰው ሲራገጥ!»

«ለሁለታችሁም መብራት በጠፋ!» አለች እማዬ።

እጄ መሮጥ ጀመረ። አንዱ የሌላውን ቃል ሲነጥቅ እንደተነጠቀ፣ ሳይጨርስ ሲተወው እንደተተወ ጻፍኩ። ገጹን ሳገላብጥ እማዬ ስልኩን ረስታው ኖሮ ጮኸች።

«ሊዲያ! ናቲ! አንቺ ምሕረት! ሜትሩን አየሽው?»

«አቤት!» አልኩ፣ ከቤቴል፣ ባለ በሌለ ድምፄ። «አንገትሽ ላይ ነው!»

መጀመሪያ የስፌት መኪናው ቆመ። ቀጥሎ ሬዲዮው፣ ቀጥሎ ቴሌቪዥኑ። ቤታችን ጸጥ ሲል የሰማሁት ያኔ ብቻ ነው።

«እውነትም አንገቴ ላይ ነው» አለች እማዬ፣ ቀስ ብላ።

የክፍሌ በር ተከፈተ። እትዬ ዘውዴ ቆመዋል። «ማን ጠራሽ?»

«እማዬ ናት። ይቅርታ እትዬ፣ አሁን እዘጋዋለሁ።»

መጥተው አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጡ። «አትዝጊው» አሉኝ። «እስኪ ትንሽ ጨምሪው።»

መምህሩ ሥራዬን ሲመልሱልኝ ግርጌው ላይ «አሁን ሰው ገባበት» ብለው ጽፈው ነበር።

ይህን የምጽፈው 18፣ እኛው ቤት ሆኜ ነው፤ እዚህ መስመር እስክደርስ ስንቴ እንደተጠራሁ አትጠይቁኝ። እውነቱን ለመናገር አሁንም ይረብሸኛል፣ የቤቴል ጸጥታም አልፎ አልፎ ይናፍቀኛል። እትዬ ዘውዴ ግን አመሻሽ ላይ ይደውሉና ብዙም አያወሩም፤ ስልኩን ስፌት መኪናው ላይ እናስቀምጥላቸዋለን።

ዳቦ የመጣበትን ፌስታል አጥፌ ይዤ ወደ ቤቴ የተመለስኩት ግንቦት 4 ቀን ነው።