የአልማዜ ስክሪንና የሰርኬ ሙት ዓመት

ከአስኮ ፌርማታ ዝቅ ብሎ ባለው የድግስ አዳራሽ፣ ግድግዳ የሚያህለውን ስክሪን የምታበራውም የምታጠፋውም አልማዜ ናት። ሲበራ ኮምፒውተሩ ይቀድማል፤ ተነሥቶ እስኪረጋጋ ይጠበቅና ስክሪኑ ይከተላል። ሲጠፋ ግን ስክሪኑ ይቀድማል። ኮምፒውተሩ ቀድሞ ከጠፋ ስክሪኑ የመጨረሻውን ምስል እንደያዘ ደርቆ ይቀራል። ሙሽራ ቢቸኩል፣ ዘፋኝ ቢቆጣ፣ አልማዜ ከዚህ ዝንፍ አትልም። ሥራዋን ትወዳለች፤ ሌላ የምትወደው ስላልተሰጣት ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም።

የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው ይባላል። የወይዘሮ ሰርኬ ሆድ ግን ጨካኝም ነበር። አልማዜን ከትዳር በፊት ወልደው ለሩቅ አክስታቸው ሰጧት። ኋላ ባለሱቅ አግብተው ይገዙን ወለዱ፤ እሱን በወርቅ አልጋ አሳደጉት። በስተመጨረሻ ታመው ሲተኙ ግን ገላቸውን ያጠበች፣ ሾርባ ያጎረሰች፣ ሆስፒታል ወለል ላይ ያደረች አልማዜ ናት። ጠያቂ ሲመጣ ዓይናቸውን በጨው ታጥበው «ሠራተኛችን ናት» ይሉ ነበር። አንድ ቀን ብቻ፣ ማንም በሌለበት፣ እጇን ይዘው «ልጄ» አሏት። ጉንጭ ለጉንጭ ገጥመው በስልኳ ፎቶ የተነሡት ያን ጊዜ ነው።

ይገዙ እውነቱን ያውቃል። የእናቱን ሙት ዓመት በዚያው አዳራሽ ሲደግስ ፎቶዎቹን በፍላሽ አምጥቶ «እነዚህን ብቻ» አላት፣ ቀና ብሎ እንኳ ሳያያት። አልማዜ የምትፈልገው አንድ ነገር ነበር፤ አንዴ፣ በሰው ፊት፣ የሰርኬ ልጅ መባል። እናም ያቺን የስልኳን ፎቶ ከሁሉም መጨረሻ ላይ ጨመረቻት።

ምሳ ተበልቶ ፎቶዎቹ ሲያልፉ፣ የአልማዜ ፎቶ ወጣ። ይገዙ ወንበሩን ገፍትሮ ወደ ኮምፒውተሩ መጣ።

«አጥፊው።»

«እሺ፣ መጀመሪያ ስክሪኑን...»

አላስጨረሳትም። ሁሉም አብሮ የሚጠፋ መስሎት የኮምፒውተሩን ገመድ ከሶኬቱ ነቀለው። ምስሉም ደርቆ ቀረ፤ እናትና ልጅ ግድግዳውን ሞልተው። የስክሪኑ ማጥፊያ አልማዜ እጅ ሥር ነበር። አልነካችውም። ይታዩ ብላ ተወችው።

«ማናት? ቁርጥ ሰርኬን አይደለችም እንዴ?» የሚል ጉርምርምታ ተነሣ። ይገዙ ለአፍታ ደነገጠ። ከዚያ ማይክራፎኑን አነሣና ፊቱን በሐዘን አለሰለሰው።

«ወገኖቼ፣ ይቺ እማዬን ያስታመመች ሠራተኛችን ናት። ውለታዋ እንዳይረሳ ብዬ ነው ፎቶዋን ያስገባሁት። ነይ አልማዜ፣ ይመርቁሽ።»

አዳራሹ በአድናቆት ከንፈሩን መጠጠ። እንዴት ያለ ቅን ልጅ ነው ተባለለት። እጁን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጎ ወደ ሽማግሌዎቹ ሲወስዳት፣ ጆሮዋ ሥር «እማዬ በአፏ ያላለችውን አንቺ ልትዪ ነው?» አላት። ይህች ቃል አንጀቷን ቆረጠችው፤ እውነት ነበረችና። ልጄ መባሏን ከእሷና ከሟች በቀር የሰማ የለም።

የሰርኬ የዕድሜ ልክ ጎረቤት እትዬ አበበች ጉንጯን ሳሟት።

«እንዳንቺ ያለች ሠራተኛ ዛሬ በሻማ ተፈልጋ አትገኝም፣ የኔ ልጅ። ለመሆኑ ሰርኬ ላንቺ እንዴት ነበረች?»

«ልጇ ነኝ» የሚለው ጉሮሮዋ ድረስ መጣ። ሁሉም ያያታል። ይገዙም ትከሻዋን አልለቀቀም።

«ጥሩ እመቤት ነበሩ፣ እትዬ» አለች።

እትዬ አበበች ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠረጉና አስተናጋጇን ጠርተው፣ የተረፈውን ወጥ ለዚች ልጅ በፌስታል ቋጥሪላት አሏት።